አቤት ባይና ሰሚ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ስለ ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ እንደ መመረቂያ ጽሑፌ አሰልቺ እንዳይሆን። የክፍሌ ልጆች ስለሆኑ አልተቀየምኳቸውም። መመረቂያ ጽሑፌ ስለ አቤቱታ ነበር። በ1990 ኬኔዲ ላይብረሪ ተቀምጬ ስጽፈው ከአማካሪዬ በቀር ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጉዳዩ ግን ከተመረቅን በኋላም አልለቀቀኝም። ታሪክ ተምሬ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠርቻለሁ። ስለዚህ መንግሥትና ሕዝብ እንዴት ይነጋገራሉ የሚለውን ነገር በመጽሐፍም በቢሮም አይቼዋለሁ።

ብዙ ሰው ስለ አገራችን ታሪክ ሲያወራ ሕዝቡ ዝምተኛ ነው፣ ችሎ አዳሪ ነው ይላል። እኔ በየመዝገቡ ያገኘሁት ሕዝብ እንዲህ አይደለም። ሲጮኽ የኖረ ሕዝብ ነው። አፍ አልጎደለውም፤ የጎደለው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ጆሮ ነው። ከላይ ወደ ታች ለሚወርደው ድምፅ በየዘመኑ አዲስ መሣሪያ ሲገዛለት፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን ለብዙ ዘመን ያው አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ ሰው ፈልጎ ማግኘት።

የሚወርደውን እናስቀድም። ነጋሪት የሚጎሰመው በገበያ ቀን ነበር። ይኼ በዘፈቀደ የሆነ አይደለም። በገበያ ቀን ከየመንደሩ ቢያንስ አንድ ሰው ይመጣል፤ ያ ሰው ማታ ጨውና በርበሬውን ይዞ ሲመለስ አዋጁንም ይዞ ይመለሳል። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው የአዋጅ ነጋሪው ቃል ዛሬ «ሼር አድርጉ» ከምንለው በምን ይለያል? በመስከረም 1888 የታወጀው የዐድዋ ክተት ጋዜጣም ሬዲዮም በሌለበት አገር ሰዉን ከየአቅጣጫው አንቀሳቅሶ በጥቅምት ወረኢሉ ላይ አገናኝቷል። ያን ያህል ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልለፈው። በምኒልክ ዘመን አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ «አእምሮ» የተባለችውን ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈች 24 ቅጂ ብቻ ያወጣት ነበር። በ1917 «ብርሃንና ሰላም» መጣ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1933 «አዲስ ዘመን»፤ በ1957 ቴሌቪዥን። በ1934 ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። ከበሮው ወረቀት ሆነ፣ ስሙን ግን ይዞ ቀጠለ። አንድ ነገር ግን በመሀል ወደቀ። የሚጎሰመውን ነጋሪት ፊደል ያልቆጠረውም ገበሬ ቆሞ ይሰማዋል፤ የሚታተመውን ነጋሪት ለመስማት ማንበብ ያስፈልጋል። ሕግ አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም የሚለው ደንብ ግን ለሁለቱም እኩል ሠራ።

አሁን ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ እንይ። በ1760ዎቹ ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የተወልን ወሬ አለ። ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ የቤተ መንግሥቱን በርና መስኮት ከበው፣ ንጉሡ ሊሰማ በሚችልበት ርቀት፣ እያንዳንዱ በየቋንቋው ፍትሕ እያለ ይጮኻል ይላል። እስከዚህ ድረስ የምንጠብቀው ነው። የሚገርመው ቀጥሎ የሚነግረን ነው፤ እውነተኛ ተበዳይ ባነሰ ጊዜ ሥራቸው መጮኽ ብቻ የሆነ ሰዎች ነበሩ። ማንም ሳይበድላቸው እንደተበደለ ሰው ያለቅሳሉ። ነገሩን ሲጠይቅ የሰጡት ምክንያት ለንጉሡ ክብር ነው የሚል ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው።

ብሩስ ማጋነን የሚወድ ሰው ነው እየተባለ ብዙ ታምቷል። ይህችን ግን አምንለታለሁ፤ ምክንያቱም በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ አይቻታለሁ። ባለሥልጣን ከሕዝብ ጋር ሊወያይ አዳራሽ ሲገባ፣ ማን መጀመሪያ እጁን እንደሚያወጣ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ከየትኛው ረድፍ እንደሚነሳ ከዋዜማው የታወቀበት ስብሰባ ስንቱን አየሁ መሰላችሁ። ጥያቄውም አለቅጥ ለስላሳ አይደለም፤ ትንሽ ምሬት ይጨመርበታል፣ እንዲያምር። አዳራሹ ጭር እንዳይል። የጎንደሮቹ አልቃሾች ቢያንስ ሥራቸው ምን እንደሆነ አይደብቁም ነበር።

ነገሥታቱ ግን ጨርሰው አይሰሙም ነበር ማለት አይቻልም። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያው ከቤተ መንግሥት ወግ የመጣ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ሜዳ ላይ ምን እያለ እንደሚያንጎራጉር፣ አዝማሪው በጠጅ ቤት ምን ሰምና ወርቅ እንደጣለ፣ ብልህ ገዢ ሰው ልኮ ያስጠይቃል። ዛሬ የሕዝብ አስተያየት ጥናት የምንለው መሆኑ ነው። ችግሩ ይህ መንገድ ለገዢው እንጂ ለእረኛው አይጠቅምም። ንጉሡ የልጁን ግጥም ሰምቶ ሊፈራ ወይም ሊቆጣ ይችላል፤ ልጁ ግን መሰማቱን አያውቅም፣ መልስም አያገኝም።

መልስ የፈለገ ሰው የቀረለት ደጅ መጥናት ነበር። እዚህ ላይ የራሳችንን ግቢ አስታውሱ። ስድስት ኪሎ የገባነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1954 ነበር። እኛ መታወቂያ እያሳየን የምንገባበት ግቢ ከዚያ በፊት ደጅ የሚጠናበት ግቢ ነበር። ርስቱን የተነጠቀ፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሹመት የቀረበት ሁሉ ለቀናት፣ ለወራት ይቆማል። የንጉሡ መኪና ስታልፍ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «አቤት ጃንሆይ» ይላል። ቀኑ ከቀናው መኪናዋ ትቆማለች፣ ወረቀቱን አንድ ሰው ይቀበለዋል። ካልቀናው ነገ ደግሞ አለ። በዙፋን ችሎት ቀርበው ፍርድ ያገኙ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ በዚያ የተረፈ ቤትም አለ። ግን እዚያ የሚደርሰው ስንቅ ያለውና አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያውያን ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ አቤቱታው የሕጉን ደንብ እስከጠበቀ ድረስ። የ1948ቱም ለንጉሠ ነገሥቱ የማመልከትን መብት አስቀመጠ። ልብ በሉ፣ የማመልከት መብት ነው የተጻፈው። መልስ የማግኘት መብት የሚል የለም። ደንቡ ግን ቢያንስ አንድ የእንጀራ ገመድ ፈጠረ፤ በየፍርድ ቤቱና በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ።

አባቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። ቤተ ክህነት ፊደል ቆጥሮ በኋላ አስኳላ እስከ ሰባተኛ ክፍል የዘለቀ ሰው ነው። ወሎ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ለገበሬው ሁሉ ይጽፍ ነበር። ካርቦን እያደረገ ስለሚጽፍ ከሁሉም አንድ ቅጂ ያስቀራል። መመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ከአባቴ ሣጥን ያገኘሁትን ያህል ከየትም አላገኘሁም።

ከወረቀቶቹ አንዱን ልንገራችሁ። በ1965 መጀመሪያ የተጻፈ ነው። 31 ገበሬዎች አሻራቸውን አድርገውበታል። የሚጠይቁት ቀላል ነው፤ ዝናቡ ስለቀረ፣ ማሳው ስለተቃጠለ፣ ከብቱም ስላለቀ የዓመቱ ግብር እንዲማርላቸውና ለዘር የሚሆን እህል እንዲሰጣቸው። ይኼኛው ካርቦኑ አይደለም፣ ዋናው ነው። ያኔ ባለጉዳይ ወረቀቱን ራሱ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ በዚያው ወረቀት ላይ ይመራለታል። ኅዳጉና ጀርባው ላይ አራት ምሪት አለ፣ በአራት የተለያየ እጅ ጽሑፍ። አንዱ ተጣርቶ ይቅረብ ይላል። ሌላው ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። ሦስተኛው ከቀድሞው መዝገብ ጋር እንዲያያዝ ያዛል። አራተኛው መልሶ ለመጀመሪያው ይልከዋል። አራቱም ፊርማ አላቸው፣ ሦስቱ ማኅተምም አላቸው። እሺ የሚል የለም፤ እምቢ የሚልም የለም። ወረቀቱ ተመልሶ አባቴ ሣጥን ውስጥ የገባው ይዞት ይዞር የነበረው ሽማግሌ ሚያዝያ ላይ መጥቶ «እባክህ አንተው አስቀምጥልኝ፣ የማስቀምጥበት ቤት የለኝም» ስላለው ነው። አባቴ ስለዚያ ሽማግሌ ከዚህ በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እነዚያ አራት ሹማምንት ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። እያንዳንዳቸው ደንቡ የሚያዛቸውን አድርገዋል። ከበላያቸው ያለው ሰው መስማት የማይፈልገውን ወሬ ይዞ መቅረብ ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ነበር። ወረቀቱን ማንቀሳቀስ ግን አያስጠይቅም።

የወሎን ረሀብ ታሪክ እንዲህ አድርጌ ነው የማየው። ሕዝቡ አልተናገረም የሚል ካለ አያውቀውም ማለት ነው። ማመልከቻው አልሠራ ሲል ሰዉ ራሱ ወደ ደሴ መንገድ ዳር ወጣ፤ አላፊ አግዳሚውን አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ለመነ። ያ መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ የመጨረሻው ማመልከቻ ነበር። ይኼ ሁሉ ሲሆን ሬዲዮውም ጋዜጣውም ነበሩ፤ ስለ ረሀቡ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ድምፁ ወደ ላይ መንገድ ሲያጣ ወደ ጎን ፈለገ። በ1965 የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹ በግቢያችን ታዩ፣ ተማሪውም ተነሳ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1957፣ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወደ ፓርላማ የሄደው የዚሁ ግቢ ተማሪ ነበር። ደጅ ይጠናበት የነበረው ቤተ መንግሥት ደጅ መጥናት ለማይችለው ሰው አፍ ሆነ ማለት ነው። ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ ብዙ ክርክር አለ፤ በሻይ ሰዓት እንቀጥለው። ያን ፎቶግራፍ መስቀል ግን ይህ ዩኒቨርሲቲ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ነው ባይ ነኝ።

በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የለንደን ሰው የወሎን ረሀብተኛ በሳሎኑ ተቀምጦ ሲያይ የአዲስ አበባ ሰው ገና አላየውም። እኛ ዘንድ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። እኔ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይኼ ነው። የወሎ ገበሬ ፊት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈለገው ለራሱ ጉዳይ አልነበረም። አዲሱ ባለሥልጣን አሮጌውን ለማውረድ ተጠቀመበት። ያም ከላይ ወደ ታች የወረደ ድምፅ ነው። በኋላ መርማሪ ኮሚሽን ተቀምጦ ስለ ረሀቡ ማን መቼ አወቀ እያለ የቀድሞ ሹማምንትን ጠየቀ። መጠየቁ ተገቢ ነበር። ለ31ዱ ገበሬዎች ግን አልደረሰም።

በደርግ ጊዜ ነጋሪቱ ቀበሌ ድረስ ወረደ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት በየሰፈሩ ደጅ ኖረው። በሐሳብ ደረጃ ይኼ ለአቤት ባይ የተመቸ ነው፤ ሩቅ መሄድ ቀረለት። በ1968 በ«አዲስ ዘመን» ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዓምድ ፖለቲከኞች በግልጽ ሲከራከሩ ያነበቡ ታላላቆቻችን ዛሬም በናፍቆት ያወሩታል። ብዙ አልቆየም። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ማለት በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ ስም ተመዝግቦ፣ አጨብጭቦ መመለስ ሆነ። ቀሪውን በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

እኛ ግቢ የነበርንባቸው ዓመታት ለየት ያሉ ነበሩ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በሳንቲም ጋዜጣ ተከራይተን ስናነብ ትዝ ይላችኋል? የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የጋዜጣው ዓይነት ብዛቱ! ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ ስድብ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዕንቁ። አከራዩ ሰዓት ይይዝ ነበር፤ ሁለት ሆነን ከአንድ ጋዜጣ ስናነብ «በሁለት ሒሳብ» የሚለን ነገር ነበረው። ከዚያ የ1997 ምርጫ መጣ። ባለሥልጣንና ተቃዋሚ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ሕዝቡ ከሥራ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሲገባ አይቻለሁ። ባለሥልጣን ጥያቄ ሲጠየቅ፣ ለጠያቂውም በዚያው ቅጽበት መልስ ለመስጠት ሲገደድ ብዙዎቻችን ያየነው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ከምርጫው በኋላ በተነሳው ሁከት የሞባይል አጭር መልእክት ተዘጋ፤ የተከፈተው በ2000 መባቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልካችን መደወል እንጂ መጻፍ አይችልም ነበር። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ያው ስልክ በእያንዳንዱ ጥሪ መግቢያ ላይ እጃችሁን ታጠቡ ይለን ጀመር። ጥሩ ምክር ነበር፣ አልቃወምም። ግን አንዱ መንገድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚከፈት፣ ሌላው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዘጋ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

በወረቀት ላይ ከሆነ ብዙ ተጉዘናል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተመሠረተ። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር፤ ብሩስ ስለጎንደር የጻፈውን ያነበበ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ የተከለከለም ሰው ምክንያቱ ሊነገረው እንደሚገባ ደነገገ። ለእኔ ይህ አዋጅ ትልቅ ነገር ነው። የ1923ና የ1948 ሰዎች የተዉትን ያችን ነገር ጻፋት፤ መልስ መስጠት ግዴታ ነው የምትለዋን። ሥልጠና በሰጠሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ግን አዋጁ መኖሩን የሚያውቅ ባለጉዳይ ቀርቶ ሠራተኛ ማግኘትም ከባድ ነበር።

አንድ ጊዜ ተዛውሬ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሎ አገኘሁ። ቁልፉ የለም። ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅም የለም። በንብረት ክፍል ፈቃድ አሰብረን ስንከፍተው በወረቀት ተሞልቷል፤ የአንዳንዱ ቀን ሦስት ዓመት አልፎታል። አስተያየት ብለን የለጠፍንበት ሣጥን ውስጥ አስተያየት ጥቂት ነው። አብዛኛው ሙሉ ማመልከቻ ነው፤ «ጉዳዩ» ብሎ ጀምሮ፣ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ጽፎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ብሎ የሚዘጋ። ሰዉ መልስ ይመጣል ብሎ ነው ስልኩን የጻፈው። ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ተካፍለን ደወልን። ከደወልንላቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ እሱ ጉዳይ እኮ አልቋል፤ ግን ስለደወልክ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መረቁኝ። እንዴት እንዳለቀ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በከንቱ አይደለም፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። መንግሥት ለሕዝብ የተናገረው ሁሉ ተቀምጧል፤ ነጋሪት ጋዜጣው ተጠርዟል፣ ንግግሩ ታትሟል። ሕዝብ ለመንግሥት የተናገረው ግን ያለው በየመዝገብ ቤቱ ነው። መዝገብ ቤት ደግሞ ቦታ ሲጠበው ያስወግዳል፤ ዓይኔ እያየ በጭነት መኪና ሲወጣ አይቻለሁ። የቀረው በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ነው። የአያቶቻችሁ የርስት ክርክር፣ የአባቶቻችሁ የጡረታ ማመልከቻ፣ በ1967 ለተወረሰ ቤት የተጻፈ አቤቱታ፣ ምንም ይሁን ምን ካላችሁ ለዳግም መገናኛው ቀን ይዛችሁልኝ ኑ። የእኔን የአባቴን ሣጥን አስቀድሜ አመጣለሁ። ሁሉንም ሰብስበን ለቤተ መጻሕፍታችን ለማስረከብ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረናል። ስሙ እንዳይታይ የሚፈልግ ስሙን ሸፍኖ ያምጣ። ዋናውን መስጠት ለማይሆንለት ፎቶ ኮፒ ይበቃል፤ ምሪቱ ያለበት ጀርባው ግን እንዳይቀር።